ኡስታዝ ሪፍቂና የጠፋችው መስመር

ኡስታዝ ሪፍቂ ናሲፍ እኛ ቢሮ ሲገቡ አርባ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ከአለቃችን በቀር ከኛ መሀል ሠላሳ የሞላው አንድም አልነበረም። ቢሮው እስክንድርያ፣ ራምል ጣቢያ አጠገብ፣ ከመነጽር ቤቱ በላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር። ትራሙ ባለፈ ቁጥር የሻይ ብርጭቆዎቻችን ይንጫጫሉ፤ ትራሙ ካልመጣ ደግሞ ባልደረባችን ሳሚህ ቀልድ ይጀምራል። ዛሬ ያ ቤት የጥርስ ሐኪም ቤት ሆኗል። ባለፈው ጥርሴን ልነቀል ሄጄ፣ የኡስታዝ ሪፍቂ ጠረጴዛ የነበረበት ቦታ ላይ ተጋድሜ አፌን ከፈትኩ። ሐኪሙ «ያምሻል?» ሲለኝ አዎ አልኩት፤ ገና ግን አልነካኝም ነበር።

ሥራችን ለሰው ለማስረዳት የሚያስቸግር ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ ጎረቤት ሲጠይቃት «ልጄ ኢንተርኔት ነው የምትሠራው» ትላለች፤ እኔም ማረሙ ደክሞኝ ትቻታለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው በስልኩ አንድ ገጽ ሲከፍት፣ ፊደሉን ከፊደል ገጥሞ፣ መስመሩን ከመስመር አሰልፎ የሚያሳየው የብራውዘሩ ሞተር አለ። ያ ሞተር የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። በየአገሩ ያለ ባለሙያ እየጠገነ፣ እየጨመረ በጋራ የሚሠራው ነው። እኛ አምስት ሰዎች ከዚያ ውስጥ የዐረብኛ ጽሑፍ መስመር የሚይዝበትን ክፍል እንጠብቅ ነበር፤ ያሠራን የነበረው ርካሽ ስልክ የሚሸጥ አንድ ድርጅት ነው። አለቃችን ማዳም ናዝሊ፣ ከሳቸው በታች እኔ ሻሂንዳ፣ ከኔ በታች ደግሞ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት ኡስታዝ ሪፍቂ። ኡስታዝ እኛ ዘንድ እንደ «አቶ» ነው፣ የማይባል የቢሮ ሰው የለም፤ እሳቸውን ስንል ግን ከልባችን ነበር።

ከዚያ በፊት ሃያ ሦስት ዓመት የጋዜጣ ማተሚያ ቤት ገጽ ሠሪ ነበሩ። መጀመሪያ በብረት ፊደል እየለቀሙ፣ በኋላ በፊልም፣ በመጨረሻም በኮምፒውተር። ማተሚያ ቤቱ «ከእንግዲህ አታስፈልጉንም» ብሎ ሲያሰናብታቸው ጓደኞቻቸው ቡና ቤት ተቀምጠው ዶሚኖ መምታት ያዙ፤ እሳቸው ግን ፕሮግራም መጻፍ ከወረቀት ላይ ተማሩ። በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት። የቀኝ አውራ ጣታቸው ፊደል ሲጫን ከመኖሩ የተነሳ ጫፉ ተደፍጥጧል። ስክሪኑ ላይ የብረት ማስመሪያ አስደግፈው መስመር በመስመር ያነባሉ። ሳሚህ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን እሳቸው ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ሳሚህ «ኡስታዝ፣ ስክሪኑን ሊቆርጡት ነው እንዴ?» ሲላቸው «አይ ልጄ፣ ሰው እንዳያመልጠኝ ነው» ይሉት ነበር።

ሰው የሚሉት ቀልድ አልነበረም። ጋዜጣው ላይ የሳቸው ገጽ የኀዘን ማስታወቂያው ገጽ ነበር። እኛ ዘንድ ያን ገጽ ሳያነብ ቁርስ የሚቀምስ ትልቅ ሰው የለም። እገሌ አረፈ ተብሎ አይበቃም። የጉምሩኩ የኢንጂነር እገሌ አባት፣ የዶክተር እገሌ ወንድም፣ ኩዌት ያለው የሒሳብ ሠራተኛ አማች እየተባለ ዘመድ በየማዕረጉ ተሰልፎ ግማሽ አምድ ይሞላል። ሟቹ በቁሙ ያን ያህል ዘመድ እንዳለው ቢያውቅ ኖሮ አይሞትም ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ስም አመለጣቸው። የሟች አማች የሆነ፣ ባሕሪ ሰፈር የሚሠራ ሥጋ ሻጭ ነበር። በማግስቱ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጣባቸው።

«ቢላውን ይዞ?» አለ ሳሚህ፣ ይህን ሲያወሩልን።

«ቢላውን ቢይዝ በተሻለኝ። አለቀሰ እንጂ። ከሚስቴ ቤተሰብ ጋር ሰባት ዓመት ተኳርፈን ነበር፤ ስሜን አስገብተነዋል ሲሉኝ ታረቅን ብዬ ነበር፤ ጋዜጣው ላይ ብፈልገው ብፈልገው የለሁም አለኝ። ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የነሱ አይደለም ብዬ ማልኩ። በምን ያምኑኛል?»

«ታዲያ ታረቁ?»

«እኔ እንጃ። ከዚያ ወዲያ ሥጋ ከዚያ ሰው እገዛ ጀመር፤ ጾም በማይሆንበት ጊዜ ማለቴ ነው። አንድ ቀን አፍ አውጥቼ አልጠየቅሁትም።»

ማስመሪያዋን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የያዙት። ሚስትና ልጅ አልነበራቸውም። እናታቸውን አሥራ አንድ ዓመት ሲያስታምሙ የትዳር ጊዜው አለፈ፤ ታናሽ ወንድማቸው ሞሪስ በሕፃንነቱ ሞቷል። የሰው ዘመድ ሲደረድሩ የኖሩት ሰውዬ ለራሳቸው ያላቸው ሚንያ ከተማ ያለ የአጎት ልጅ ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ ጧት፣ የኛ አገር የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነውና፣ ማዳም ናዝሊ አንድ ወረቀት ይዘው ገቡ። የስልኩ ድርጅት የላከው ነው። አዲሱ ስልክ ላይ የአንድ ጋዜጣ የኀዘን ማስታወቂያ ገጽ ሲከፈት ብራውዘሩ ድርግም ብሎ ይዘጋል።

«ሰው ስልክ ገዝቶ መጀመሪያ የሚያየው ማን እንደሞተ ነው» አሉ ማዳም ናዝሊ። «እስከ ሐሙስ ቀትር ይህ ነገር ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል። ሥራው ከሄደ ደግሞ ማንን አስቀድሜ እንደማሰናብት እናንተም ታውቃላችሁ።»

ሁላችንም ስክሪናችን ላይ አቀረቀርን። የኡስታዝ ሪፍቂ ጆሮ ቀላ፤ ማስመሪያቸውን አነሱና መልሰው አስቀመጡት። እውነት ለመናገር አንጀቴን በሉት። ይህን ነገር ራሴ ሠርቼ እኚህን ሰው ወንበራቸው ላይ አቆያቸዋለሁ አልኩ በልቤ።

በኛ ሥራ ገጽ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚደረገው መቁረጥ ነው። ገጹን ለሁለት ትከፍይና ግማሹን ትጥያለሽ። አሁንም ከዘጋ ጥፋቱ በቀረው ግማሽ ውስጥ ነው፤ እሱንም ለሁለት ትከፍያለሽ። እንዲህ እያልሽ ጥፋቱ ያለባት ትንሽ ቁራጭ እጅሽ ላይ እስክትቀር ትሄጃለሽ። ጽሑፉን ግን ማንም አያነበውም። የምንፈልገው ስፋቱንና ቁመቱን ነውና አንዱን ፊደል ደርድረን እንተካዋለን። የዓለምን ጽሑፍ ሁሉ ለሰው የምናሳይ ሰዎች አንድ አረፍተ ነገር አናነብም ነበር። ሳሚህም እንደ ልማዳችን የሙታኑን ስም ሁሉ ጠርጎ በአንድ ፊደል ሞላው። ብራውዘሩ ሳይዘጋ ቀረ።

«ደህና ነው። ስልካቸው ይሆናል የተበላሸው፤ ጥፋቱ አልተገኘም ብዬ ልዝጋው?» አለ።

ኡስታዝ ሪፍቂ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ጽሑፉን መልሰው» አሉት።

«ጽሑፍ ያው ጽሑፍ ነው፣ ኡስታዝ።»

«አይደለም። እዚያ ውስጥ ሰዎች አሉ። መልሰው።»

ሳሚህ እየሳቀ መለሰው፤ ብራውዘሩም ወዲያው ተዘጋ። ሳቁም አብሮ ተዘጋ።

ሰኞን ሙሉ ቆረጥን። ማክሰኞ ጧት ሞተሩ የሚወድቅበትን ቦታ አገኘሁት። መስመር የሚሠራው ክፍል አንድ የማይገኝ ነገር ይጠይቅና ባዶ እጁን ሲመለስ ይወድቃል። ስለምን እንደሚጠይቅ አልመረመርኩም። «ባዶ ከሆነ እለፈው» የምትል አንዲት ትእዛዝ ጨመርኩ። ገጹን ከፈትኩት፤ አልተዘጋም። ሃያ ጊዜ ከፈትኩት፤ አልተዘጋም። ልቤ ቅቤ ጠጣ። የጋራ ሥራ ስለሆነ ማንኛውም ጥገና ሌላ አገር ያለ ገምጋሚ እሺ ሳይለው አይገባም። ላክሁለት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ «ጥሩ ነው» ብሎ መለሰ። ሳሚህ ወርዶ ባስቡሳ የሚባለውን በቅቤ የራሰ ጣፋጭ ገዝቶ መጣ። ኡስታዝ ሪፍቂ ክርስቲያን ናቸው፤ ጾም ላይ ስለነበሩ ሻይ ብቻ ጠጡና ማስመሪያቸውን ስክሪኑ ላይ አስደገፉ።

ባስቡሳውን ሳልጨርስ ከጥገናዬ ሥር አዲስ ጽሑፍ መጣ። እዚያ የሚጻፈውን የትም አገር ያለ ባልደረባ ያየዋል። ጸሐፊው ሪፍቂ ናሲፍ ይላል፤ ከኔ ሦስት ክንድ ርቀው የተቀመጡት። የጻፉት ሁለት አጭር አረፍተ ነገር ነው፤ «አንድ ሰው ጎድሏል። አትቀበሉት።»

ደሜ ፈላ። ተነሥቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ኡስታዝ ሪፍቂ፣ እዚሁ ተቀምጬ ጆሮ የለኝም? በዓለም ፊት ነው የሚያዋርዱኝ?»

«ተቀመጪ፣ ባሽሙሀንዲሳ» አሉኝ። ኢንጂነርን ሁሉ የምንጠራው እንዲህ ነው፤ እሳቸው ሲሉኝ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ፈገግታ ነበረበት። ያን ቀን አልነበረም። «አንብቢልኝ እስቲ። ከዚህ ጀምሪ።»

«የፋድያ አባት፤ የመርከብ መሐንዲሱ የሂሻም አባት…»

«ፋድያ ባል የላትም?»

«እኔ ምን አውቄ? ላጤ ትሆናለች።»

«በእንደዚህ ያለ ማስታወቂያ ላይ ያላገባች ሴት ልጅ ከወንዱ ቀድማ አትጠራም። ፋድያ አግብታለች። ባሏም ትልቅ ሰው ነው፤ ለዚህ ነው ያስቀደሟት። አሁን ሞተሩ ያልነካውን ዋናውን ጽሑፍ ክፈቺው።»

ከፈትኩት። «የፋድያ አባት፤ የባሏ የሜጀር ጄኔራል ዶክተር ኢንጂነር ሙንዚር አማት» ይላል። እኔ ገጽ ላይ ሜጀር ጄኔራሉ ከነማዕረጋቸው የሉም። ቦታቸው እንኳ ባዶ አልሆነም፤ መስመሩ ገጥሞ አልፏቸዋል።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። የኀዘን ማስታወቂያ ሠሪዎች ሕግ አላቸው፤ ማዕረግ ከባለቤቱ አይለይም። «ዶክተር» የሚለው መስመር ጫፍ ላይ ቀርቶ ስሙ ከታች ቢወድቅ ነውር ነው። ስለዚህ ማዕረግና ስምን በማይበጠስ ክፍተት ያስሩታል። የጋዜጣው ድረ ገጽ ሠራተኞችም ያን ወግ ይዘው ሄደዋል። የሜጀር ጄኔራሉ ማዕረግ ከስልኩ ወርድ ረዘመ። ሞተራችን የሚበጥስበት ቢያጣ ወደ ኋላ ሄዶ አስቀድሞ የዘጋውን መስመር ፈለገ፤ የዘጋውን ግን ቀድሞ ለሌላ ክፍል አስረክቦታል፤ ስለዚህ ወደቀ። የኔ ጥገና «እለፈው» ሲለው ሰውየውን አለፋቸው። ሳሚህ ስሙን በፊደል ድርድር ሲተካ ማሰሪያዎቹ አብረው ስለጠፉ ነው ጥፋቱ የጠፋው።

ገባኝ እንጂ አልበረደልኝም።

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው የሠራሁት!» አልኳቸው። «ሐሙስ ወንበርዎን እንዳያጡ ብዬ።»

«አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አውቄ ነው የምነግርሽ።»

ማዳም ናዝሊ ጫጫታውን ሰምተው ወጡ። «ገጹ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?» አሉ።

«አይዘጋም» አልኩ።

«ታዲያ ምንድን ነው ግርግሩ?»

«ማዳም» አሉ ኡስታዝ ሪፍቂ ተነሥተው፤ «ገጹ ሲዘጋ ሰው ተበላሸ ብሎ ይነግረናል፤ እንጠግነዋለን። ሰው ጎድሎ ገጹ ሲከፈት ግን ማንም አይነግረንም። የጎደለው ሰውዬ ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱም ዘመዶቹን እንጂ እኛን አይጠረጥርም።»

ማዳም ናዝሊ ኡስታዝ ሪፍቂን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። «እስከ ሐሙስ ቀትር። ከዚያ በኋላ የሻሂንዳ ጥገና ይሄዳል፤ እርስዎም አብረው ይሄዳሉ» ብለው በራቸውን ዘጉ።

ረቡዕን ሳስታውስ ዛሬም ደስ ይለኛል። ከውጭ ባሕሩ ተቆጥቶ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ኡስታዝ ሪፍቂ የስኳር ቅርጫቱን አመጡና እንክብሎቹን በማስመሪያቸው ላይ ደረደሩ። ጥንድ ጥንዱን በላስቲክ አስረው «እኚህ ሜጀር ጄኔራል ናቸው» አሉ። ሳሚህ ቆሞ ሰላምታ ሰጣቸው።

«እኛ መስመር የምንዘጋው መቼ ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ሲሞላ።»

«አይደለም። የሚቀጥለውን ቃል አይተን ነው። የሚመጣውን ሳያይ መስመር የሚዘጋ ለማጅ ነው፤ አለቃዬ እጄን በማስመሪያ ይለኝ የነበረው ለዚህ ነው። የናንተ ሞተር ቶሎ ይዘጋና በኋላ ወይኔ ብሎ ይመለሳል።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። ስለ ሞተሩም ስለ እኔም ነበር። ወደ ኋላ የሚመለሰውን አርባ መስመር ትእዛዝ በሙሉ ሰረዝኩት። በምትኩ የታሰረው እስከሚያልቅ ድረስ መስመሩን ክፍት የሚያቆይ አሥራ ሁለት መስመር ጻፍኩ። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው «ቆይ… እዚህ ጋ ገና አትዝጊው» ይላሉ። የምሳ ሰዓት ሲያልፍ ባሳራ የሚባለውን የባቄላ ወጥ በዳቦ ቆርሰው በእጄ አስያዙኝ። የራሴን የሥጋ ሳንድዊች ትቼ የጾሙን በላሁ። ወደ አመሻሹ ላይ ሜጀር ጄኔራሉ ከነማዕረጋቸው ሁለት መስመር ይዘው ከፋድያ ሥር ቆሙ። ማንም አልጨበጨበም። ኡስታዝ ሪፍቂ ማስመሪያቸውን ይዘው ገጹን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡና «ሁሉም አለ» አሉ።

ሥራው ግን አላለቀም። የኛ ሞተር ሕግ አለው። ማንኛውም ጥገና ፈተና ይዞ ካልመጣ አይገባም። ፈተናው ያ ጥፋት የነበረበት ትንሽ ገጽ ነው። ከዚያ ወዲያ በየትም አገር ማንም ሰው ሞተሩን በነካ ቁጥር ያ ገጽ ይሞከራል፤ ጥፋቱ ከተመለሰ ቀይ ይበራል። ጽሑፉን እሳቸው እንዲጽፉት ሰጠኋቸው። ሐሙስ ጧት በሁለት ጣታቸው ጠቅ… ጠቅ… ይላሉ። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሰዓት ሆነ። ቆሽቴ አረረ።

«ኡስታዝ፣ ዝም ብለው የሆነ ስም ይደርድሩበት!»

«ስም ዝም ብሎ አይደረደርም።»

ሲጨርሱ ሳላየው ልልከው እጄን ዘረጋሁ። ማስመሪያቸውን በእጄና በቁልፍ ሰሌዳው መሀል አስገቡ። «አንብቢ» አሉኝ።

አነበብኩ። «ሪፍቂ ናሲፍ ሀቢብ ወደ ጌታ ሄዱ» ይላል መጀመሪያው። ቀና ብዬ አየኋቸው። ሻያቸውን እየጠጡ ነው።

«ምነው ኡስታዝ! ምን ዓይነት ሟርት ነው?»

«ሕያው ሰው ብገድል ይቀየመኛል። የሞተ ሰው ስም ባነሳ ቤተሰቡ ያዝናል። በራሴ ማን ይከሰኛል? ቀጥዪ።»

«የጋዜጣ ገጽ ሠሪ፤ የሟቹ የናሲፍ ሀቢብ ልጅ፤ የሕፃኑ የሞሪስ ወንድም፤ የኡስታዝ ሳሚህ ባልደረባ…» ቀጥሎ ያ የታሰረው ረጅሙ ይመጣል፤ የኔ ጥገና የጣለው ዓይነት። «የታላቋ የኢንጂነር ባሽሙሀንዲሳ ሻሂንዳ ዐብዱልጀዋድ አጎት።»

«አጎት?»

«የእናት ወንድም።»

«እናቴ ወንድም የላትም።»

«አሁን አላት።»

«እርስዎ ክርስቲያን፣ እኛ ሙስሊም። ማን ያምናል?»

«ሞተሩ ያምናል። እሱ የሚያየው ርዝመቱን ብቻ ነው ትሉ የለ?» አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ይህቺን መስመር ነበር ማለፍ የፈለግሽው። በይ አሁን እለፊያት።»

አፈርኩ። ደስም አለኝ። እኛ ዘንድ የእናት ወንድም አባት ነው ይባላል። ቁልፉን ተጫንኩት። ገምጋሚው ጽሑፉ ምን እንደሚል ጠየቀኝ፤ «የስም ዝርዝር ነው» ብዬ መለስኩ። ቀትር ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ገባ። ማዳም ናዝሊ ከቢሯቸው ወጥተው ኡስታዝ ሪፍቂን «ወንበርዎ ያረጀ ይመስለኛል፤ ሌላ ይገዛልዎት» አሉ። ይቅርታ ማለት አይሆንላቸውም ነበርና ያ ይቅርታቸው ነው።

በአዲሱ ወንበር ስድስት ዓመት ተቀመጡ። ከዚያ ስኳር በሽታው ዓይናቸውን ያዘውና ቤት ዋሉ። ዓርብ ዓርብ እየሄድኩ የጋዜጣውን የኀዘን ገጽ አነብላቸው ነበር። ሆን ብዬ አንድ ዘመድ እዘላለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና «ቆይ፣ አማቹን ምን በላው?» ይሉኛል። አንድም ቀን አላመለጣቸውም። ከዚያ ሁለታችንም እንስቃለን። እናቴ ፌጢር የሚባለውን ቂጣ ጋግራ ትልክላቸው ነበር፤ «ለወንድሜ» ትል ነበር፤ ቀልዱን ከነገርኳት ጀምሮ።

በአንድ ክረምት፣ ባሕሩ በሚያብድበት ሰሞን ዐረፉ። የአጎታቸው ልጅ ኡስታዝ ማላክ ከሚንያ መጣ። ጨዋ፣ ድካም የበዛበት ሰው ነው። ለጋዜጣው ማስታወቂያ መጻፍ አቃተው፤ ማን እንዳላቸውና ማን እንደሌላቸው አያውቅም። እኔ ጽሑፉ አለ አልኩትና ከፈተናው ገልብጬ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ አንዲት መስመር ላይ ጣቱን አደረገ።

«ይቺ ሻሂንዳ የተባለችው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«የእናትሽ ወንድም ነው ይላል።»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ሪፍቂ እኮ እህት አልነበረውም። ደግሞም… ስምሽ… ሚንያ ያሉ ሰዎች ያነቡታል። ከየት የመጣች ዘመድ ናት ይሉኛል። ምን ብዬ እመልስላቸዋለሁ? አትቀየሚኝ።»

አልተቀየምኩትም። እሱ ከሰዎቹ ጋር የሚኖር ነው። «ይውጣ» አልኩና በገዛ እጄ ሰረዝኩት። ማስታወቂያው በማግስቱ ወጣ፤ አራት መስመር። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሄጄ ከእንግዶቹ ጋር በኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ተሰልፌም ለኡስታዝ ማላክ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብዬ ወጣሁ። እኔን አንድም ሰው እንዲያ አላለኝም፤ ሊለኝም አይችልም ነበር፤ ለነሱ የሥራ ባልደረባ ነበርኩ። ትራም ላይ ተቀምጬ ሲዲ ጋብር ጣቢያ እስክደርስ ድረስ ስለዚህ ነገር ስናደድ እንደነበር አልደብቅም።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። እኔና ሳሚህ ዛሬም፣ በሌላ ቢሮ፣ ያንኑ ሞተር እንጠብቃለን፤ እኔ አሁን ገምጋሚም ሆኛለሁ። ባለፈው ወር ኮሪያ ያለ ቾይ የሚባል አዲስ ባልደረባ አሮጌ ፈተናዎችን የማጽዳት ሥራ ይዞ ተነሣ። የማይነበብ ጽሑፍ ያለባቸውን ሁሉ ርዝመቱን ጠብቆ በአንድ ፊደል ድርድር እየተካ ነው፤ ልክ እኛ ስናደርገው እንደነበረው። ኡስታዝ ሪፍቂ ያን ሐሙስ የጻፉት ፈተናም ከመሀላቸው አለ። እሺ እንድለው ወደኔ መጣ። ሥራው ትክክል ነው፤ ማሰሪያዎቹን እንደነበሩ ትቷቸዋል፤ ፈተናውም ያልፋል። እሺ የማልልበት የሙያ ምክንያት አልነበረኝም።

ብዙ ጻፍኩና አጠፋሁት። በመጨረሻ እንዲህ አልኩት፤ «ይህ የአጎቴ የኀዘን ማስታወቂያ ነው። የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ከቻልክ እንዳለ ተወው።»

ላክሁና ፈራሁ። አጎቴ ብዬ ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም ሁሉም በሚያየው ቦታ።

በማግስቱ ጧት መልሱ መጣ። «ምን እንደሚል አላወቅሁም፤ ይቅርታ። ጽሑፉን እንዳለ መልሼዋለሁ። በአጎትሽ ኀዘን እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሳሚህ፣ ዛሬ ጸጉሩ የሸሸው ሳሚህ፣ ምን ሆንሽ ብሎ መጥቶ መልእክቱን አነበበና ሳይቀልድ ውኃ አመጣልኝ። ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ የሟች ቤተሰብ ለለቀስተኛ እንደሚመልሰው «ክፉ አይንካህ» ብዬ ጻፍኩለት።